እርማት፦ ባውንስ ሬት ስለቀነሰ ድረ ገጹ ተሻሽሏል ማለት አይደለም

በርከት ያሉ ሰዎች ስለ ድረ ገጽ ጎብኚዎች ቁጥር ሲጽፉ «ባውንስ ሬት አንድ ገጽ ብቻ አይተው የወጡ ሰዎች መቶኛ ነው፤ ከድሮው ከቀነሰ ድረ ገጹ ተሻሽሏል» ይላሉ። ትርጉሙ ለዩኒቨርሳል አናሊቲክስ (ለድሮው የጉግል የጎብኚዎች መቁጠሪያ) በግምት ልክ ነበር። ይህ መቁጠሪያ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለመደበኛ ተጠቃሚዎች አዲስ መረጃ መሰብሰብ አቁሟል።

እሱን በተካው በጉግል አናሊቲክስ 4 ባውንስ የሚባለው ከሦስቱ አንዱንም ያላሟላ ጉብኝት ነው፦ ከ10 ሰከንድ በላይ መቆየት፣ ቢያንስ ሁለት ገጽ ማየት፣ ወይም ቁልፍ (ዋና) ተብሎ የተመረጠ ኢቨንት፣ ማለትም በገጹ ላይ የሚመዘገብ ድርጊት፣ መፈጸም። አንድ ደንበኛ የዋጋ ገጹን ብቻ ከፍቶ 40 ሰከንድ አንብቦ ቢወጣ በድሮው ባውንስ ነው፣ በአዲሱ አይደለም። ስለዚህ ጎብኚው ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ በራሱ ይወርዳል። ሁለቱን አነጻጽሮ «አዲሱ ዲዛይን ሠርቷል» ብሎ በጀት መጨመር ገንዘብ ያስበላል።

ለማረጋገጥ በጉግል አናሊቲክስ 4 «አድሚን» ውስጥ «ዳታ ስትሪምስ»ን ክፈቱና ድረ ገጻችሁን ምረጡ፤ ከዚያ «ኮንፊገር ታግ ሴቲንግስ»፣ «ሾው ኦል»፣ «አድጀስት ሴሽን ታይምአውት»። 10 ሰከንዱ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ እስከ 60 ድረስ ከፍ ማድረግም ይቻላል። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንድ ሰው ቀይሮት ከሆነ ያለፈው ወርና የዚህ ወር ቁጥሮች እንኳ አይነጻጸሩም።

ሽያጫችሁ በስልክ ከሆነ የ«ይደውሉ» ቁልፍ መነካቱን በኢቨንት መዝግቡና ቁልፍ ኢቨንት አድርጉት። ከባውንስ ሬት ይልቅ እሱን ብትከታተሉ ይሻላል።