በዴንቨርና በአውሮራ ለምትኖሩ ወገኖች፦ የጃንዋሪ ሙቀት አያዘናጋችሁ

ወገኖቻችን ሆይ፣ በክረምቱ መሐል ድንገት 60 ዲግሪ ሲሆን ጃኬት ጥላችሁ፣ ከሰሉን በረንዳ ላይ አውጥታችሁ ቡና ታፈላላችሁ። ከተራራው የሚወርደው ንፋስ መጋረጃውን ሲያማታ እያያችሁ «ዛሬስ አገራችንን መሰለ» ትላላችሁ። ይህን ቀን ፍሩት። በረዶ ከሚጥልበት ቀን ይልቅ ፍሩት።

ይህ ንፋስ ቺኑክ ይባላል። ከምዕራብ መጥቶ የሮኪ ተራሮችን ሲወጣ አብዛኛውን እርጥበቱን በወዲያኛው ገጽ በበረዶ መልክ ያራግፋል። ጫፉን አልፎ ወደ እኛ ሲወርድ አየሩ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ በየ1,000 ጫማው 5.5 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይሞቃል። 12,000 ጫማ ላይ 25 ዲግሪ የነበረው አየር 5,280 ጫማ ላይ ያለችው ዴንቨር ሲደርስ 60 ያልፋል። የጨመረው ሙቀቱ ብቻ ስለሆነ አየሩ አጥንት ድረስ ደርቋል። መሬት ላይ ያለውን በረዶ ውሃ እንኳን ሳያደርግ ያተነዋል፤ ቀጭን ሣርም በአንድ ሰዓት ውስጥ ክብሪት የሚጠብቅ ይሆናል። «ትናንት እኮ በረዶ ነበር» የምትሉ ይህን እወቁ።

የሆነውን አትርሱ። በ2021 ስፕሪንጉ ዝናባማ ስለነበር ሣሩ ረዝሞ አደገ፤ ከዚያ ድርቁ ገባ። ዴንቨር የመጀመሪያውን የሚለካ በረዶ ያየችው ዲሴምበር 10 ነው፤ ያን ያህል የዘገየበት ዘመን ተመዝግቦ አያውቅም። ዲሴምበር 30 ረፋድ ላይ በቦልደር ካውንቲ እሳት ተነሳ። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የሚመታ ንፋስ እየገፋው በአንድ ሰዓት ገደማ ሱፒሪየር ከተማ ገባ፤ ከዚያ ሉዊቪል። አውሮፕላን ተነስቶ ውሃ ሊረጭ አልቻለም። ከ1,000 በላይ ቤቶች ወደሙ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ በረዶ ጣለ።

መርማሪዎች ከደረሱባቸው ሁለት መነሻዎች አንዱ የኤሌክትሪክ መስመር ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ሌላው ግን እኛን በቀጥታ ይመለከታል፦ ዲሴምበር 24 የተቃጠለ ቁርጥራጭ፣ ጠፍቷል ተብሎ አፈር የለበሰ፣ ከስድስት ቀን በኋላ ንፋስ አፈሩን ገልጦለት የተነሳ እሳት ነው። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? እናቶቻችን ማታ እሳቱን አመድ አልብሰው ያዳፍኑ ነበር፤ ጠዋት ቆስቁሰው እፍ ሲሉበት ይነሳል። እሳት ሲዳፈን እንደማይሞት እያወቅን የቡናውን ፍም በአመዱ ሸፍነን በረንዳ ላይ ትተን እንተኛለን። ይባስ ብሎ በፌስታል ቋጥረን የፕላስቲክ ጋርቤጅ ውስጥ የምንጥል አለን። ይህ ይቁም!

እንዲህ አድርጉ። ከሰሉንም የዕጣን ማጨሻውንም አመድ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ባልዲ ውስጥ ገልብጡ። ውሃ አፍሱበት፣ በትርኳሽ አማስሉት፣ እንደገና አፍሱበት፤ ከላይ ርሶ ከሥር ደረቅ የቀረ ረመጥ ነው ጉድ የሚሠራው። እንፋሎት መውጣቱ ሲያቆም የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ አልጠፋም። ክደኑትና ከቤቱ 10 ጫማ ርቆ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። እንጨት ወለል ላይ በፍጹም። ለአራት ቀን ካደረ በኋላ ጣሉት። ሬድ ፍላግ ዋርኒንግ (እሳት በቀላሉ የሚዛመትበት ቀን ነው የሚል የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ) በታወጀ ቀን ደግሞ ከነጭራሹ ውጭ ከሰል አታያይዙ። በእኛ አካባቢ ማስጠንቀቂያው የሚወጣው የአየሩ እርጥበት 15 በመቶና ከዚያ በታች ሆኖ፣ በሰዓት 25 ማይል የሚደርስ ንፋስ ለሦስት ሰዓት ያህል ሲጠበቅ ነው። ገናና ጥምቀት የሚውሉት ልክ በዚህ ንፋስ ወቅት ነው፤ ጥብሱን ኩሽና ስቶቭ ላይ ጥበሱ፣ በዓሉ አይጎድልበትም።

«እሺ፣ ቤት ውስጥ እናያይዛለን» እንዳትሉ። ንፋስ ስላለ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምር «ቡናው ነው» ትላላችሁ፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ያልቃል። ንፋሱ ሲበረታ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ሆን ብሎ መብራት ማጥፋት የጀመረው በኤፕሪል 2024 ነው፤ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ከሰል ሳሎን ማስገባት የሚያምረው ያኔ ነው። አታስገቡ። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ዘመድ ቤት ሂዱ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያችሁም ባትሪ እንዳለው ዛሬውኑ ነቅላችሁ እዩ፤ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ቤት የገዛችሁ፣ ከግድግዳው አምስት ጫማ ድረስ የሚቃጠል ነገር አይኑር፦ ደረቅ ቅጠል፣ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የተከመረ ካርቶን። የጣሪያውን አሸንዳ ጥረጉ። ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት አጥር ካለ የመጨረሻውን ክፍል በብረት ለውጡት፤ በ2021 አጥሩ እሳቱን ከግቢ ወደ ግቢ አሻግሯል። ዛፎቻችሁንም አትርሱ። በረዶ በሌለበት ክረምት፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በወር አንድ ሁለቴ አጠጡ፤ ለግንዱ ውፍረት በየኢንቹ 10 ጋሎን። ሥሩ የደረቀ ዛፍ በንፋስ ይሰበራል።

የጭነት መኪና የምትነዱ ወንድሞች፣ ይህ ንፋስ ሲበረታ ባዶ ትሬለር ይዛችሁ በአይ-80 አውራ ጎዳና ዋዮሚንግን ማቋረጥ ገንዘብ ሳይሆን መገልበጥ ነው የሚያመጣው። መንገዱ ጭነቱ ለቀለለና ቁመቱ ከፍ ላለ መኪና ተዘግቷል ከተባለ ቁሙ፤ ዲስፓቸሩ ይጩህ። ማንኛውም ሾፌር ደረቅ ሣር ላይ አያቁም፣ የጋለው ጭስ ማውጫ ሣሩን ይለኩሳል። መሬት የሚጎተት ሰንሰለትም ብልጭታ ይረጫል፤ ሰብስባችሁ እሰሩት።

በ2021 ብዙ ሰው መልእክት ሳይደርሰው እሳቱን በዓይኑ አይቶ ነው የሸሸው። የካውንቲያችሁ የአደጋ ጊዜ መልእክት ላይ የራሳችሁን ስልክ አስመዝግቡ፤ ከእናንተ ጋር የሚኖሩ እናትና አባት ካሉ የእነሱንም። እንግሊዝኛ የማያነቡ ከሆነ የስልኩ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲጮህ ለማን እንደሚደውሉ አስቀድማችሁ አስለምዷቸው። ተከራይ ሆናችሁ የተከራይ ኢንሹራንስ የሌላችሁ ግዙ፤ ቤት ያላችሁ ደግሞ በቤቱ ኢንሹራንስ ላይ የተጻፈው መጠን ዛሬ ቤቱን ለመሥራት የሚበቃ መሆኑን ጠይቁ፤ ከዚያ እሳት በኋላ አብዛኛው ሰው የጎደለበት ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ የጋራዡ በር የራሱ ባትሪ ከሌለው በሪሞት አይከፈትም። ከላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስቦ በሩን በእጅ ማንሳት በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይማር፤ እማማ ለብቻቸው የሚውሉ ከሆነ፣ እሳቸውም በሩን ማንሳት ይችሉ እንደሆነ ሞክራችሁ እዩ፤ ካልቻሉ መኪናውን ውጭ አቁሙላቸው፣ ቁልፉም በእጃቸው ይሁን።