ጥያቄውን ማን ያውጣው?

ሐረር ለጥናት እንግዳ አይደለችም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ፣ ኋላም በራሷ በሐረር፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። ሕዝቡ መልስ ይሰጣል። ጥያቄው ሲወጣ ግን የሚያማክረው የለም ማለት ይቻላል። የካንሰር ጥናት እንዲህ መቀጠል የለበትም ባይ ነኝ።

ስለ ካንሰር የምንጠቅሳቸው አገራዊ ግምቶች በአብዛኛው የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሐረር ኑሮ ግን ሌላ ነው። እዚህ ከምሳ በኋላ ጫት አለ። የባቢሌ ለውዝ አለ። ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። እዚሁ ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ካንሰር አላለም፤ ቢሆንም ቀላል ወሬ አይደለም። ለመሆኑ ከቃሚው ስንቱ ሰምቶታል? ጫት ተራ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ሰሚ ጠፍቶ አይደለም። አፎቻ አለ። ሐረሪዎች ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰቡበት ማኅበር ነው፤ የሴቶቹም የወንዶቹም ለየብቻ ነው። የሴቶች አፎቻ የትኛዋ እንደታመመች፣ ማን ወርቋን ሸጣ አዲስ አበባ ለሕክምና እንደሄደች፣ ማን መሀል ላይ እንዳቋረጠች ያውቃል። አገራችን ውስጥ አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። መጠይቁ «ለምን ዘገዩ?» ይልና «ገንዘብ»፣ «ርቀት»፣ «ግንዛቤ ማጣት» የሚሉ ምርጫዎችን ይደረድራል። እብጠቱን መጀመሪያ ለማን ነገረችው? ልጇ እስክትዳር ደብቃው ይሆን? እንዲህ ያለው ጥያቄ ከቢሮ አይወጣም። አፎቻው ውስጥ ግን አለ።

«ሕዝቡ ሳይንስ አያውቅም» የሚሉ አሉ። እነሱን ቻምፕስን ተመልከቱ እላቸዋለሁ። ይህ የሕፃናትን ሞት ምክንያት የሚያጠና ሥራ በሐረርና በቀርሳ ከሞተ ሕፃን ገላ በመርፌ ናሙና ይወስዳል። ቀብር ቶሎ በሚፈጸምበት አገር! ከሃይማኖት አባቶችና ከቤተሰብ ጋር ሳይመክሩ ይህ አይታሰብም። ከዚያ ጋር ሲተያይ ስለ ጡት እብጠት መመካከር ምኑ ይከብዳል?

የሚከብደው ጫት ነው። የአወዳይ ነጋዴ እንጀራው ስለሆነ ጥናቱን በጥርጣሬ ቢያይ አይገርምም። እሱን ውጭ ትቶ ማጥናት ግን ጠላት ማፍራት ነው። ገበሬውና ነጋዴው ቢጠሩ ቅጠሉ ላይ ስለሚረጨው የተባይ መድኃኒት ራሳቸው ያነሱ ይሆናል። እሱም መጠናት ያለበት ጥያቄ ነው።

በእርግጥ ማሳተፍ ሲባል አንድ ቀን አዳራሽ፣ አበልና ፎቶ ሆኖ ሲቀር አይተናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአፎቻ እናቶች መጠይቁን ሳይታተም ይዩት፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው። የስምምነት ቅጹ በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛም ይነበብ። ውጤቱ መጽሔት ላይ ሲወጣ አፎቻውም ዘንድ ይቅረብ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ለእያንዳንዱ የካንሰር ጥናት ዕቅድ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ከምታጠኗቸው ሰዎች ይህን ያየው ማን ነው? መልሱ «ማንም» ከሆነ ዕቅዱ ይመለስ።