ይድረስ ለክቡር ብሮውዘራችን

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? እኛ የደሴ ብርድ እንደልማዱ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አጥንታችን ድረስ ከመግባቱና የእርስዎ ነገር ሆዳችንን ከመብላቱ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

የምጽፍልዎት ለምስጋና ነው። የኢንተርኔት ገጽ መክፈት ሥራዎ ሆኖ ሳለ የአባባ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ምንም አልከፍትም ስላሉ ቤተሰቡ ማታ ማታ እርስ በርሱ ማውራት ጀምሮ ነበር። ኢሜይል ሲባሉ እምቢ፣ ዩቲዩብ ሲባሉ እምቢ፣ ዜና ሲባሉ ደግሞ ቀይ ምልክት አንጠልጥለው «ግንኙነትዎ የግል አይደለም»። ለእማዬ ተርጉሜ ባነብላት ደነገጠች። «ከማን ጋር ነው ግንኙነቱ?» አለች አባባን እያየች።

እኔም ቫይረስ ነው ብዬ ዘመትኩ። ሂስትሪውን ጠረግኩ፣ ካሹን (ከየገጹ ያጠራቀሙትን ጊዜያዊ ፋይል) ጠረግኩ፣ አንዷን ሳጥን ደግሞ ሳላያት ነክቻት ኖሮ የአባባ ፓስዎርዶች በሙሉ አብረው ተጠረጉ። በዚህ እስካሁን አላናገሩኝም። አልበቃኝም፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ካለ ጓደኛዬ የድሮውን መጫኛ በፍላሽ ይዤ፣ ሐረጎን መልሼ ወጥቼ እርስዎን ነቅዬ እንደ አዲስ ጫንኩዎት። ያው ነዎት።

አንዳንዴማ «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» ይሉኝ ነበር። ስድብ መስሎኝ አለፍኩት። አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ጥግ ባይ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል። ድረ ገጽ ማንነቱን ለማረጋገጥ የሚያሳይዎት የምስክር ወረቀት ለካ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ 2009 ላይ ቆሞ ለሚያየው ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነው። እሺ፣ እዚህች ላይ እውነት አለዎት።

አባባ «ይሄማ ቀላል ነው» ብለው ራሳቸው አስተካከሉት። 2018። ሰዓቱን ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት። ግድግዳችን ላይ ያለው ካላንደር ምስክራቸው ነው። እርስዎ ግን ሰባት ዓመት ከምናምን ይጎድላል ብለው እንደገና እምቢ! ጳጉሜን በምታህል ወር በዓል እያከበርን አብረን ኖረን፣ ይሄ ይጠፋዎታል?

የፈረንጁን ስሞላ ከፈቱ። እልል አልን። ሌሊት መብራት ሄደና ጠዋት 2009። በማግስቱም 2009። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምታስታውሰው እሷ ነበረች። ሲአር 2032 ነው ስሟ። ፒያሳ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ አገኘኋት። የኢንተርኔት መድኃኒት ሰዓት ጠጋኝ ጋር ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል?

አሁን ይከፍታሉ። ገና ከመክፈትዎ ግን ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ዊንዶውስ 7 አርጅቷል፣ ዝመና አላገኝም ብለው ያላዝናሉ። እናውቃለን። ማይክሮሶፍት ለሁሉም ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ያቆመለት በፈረንጆቹ 2020 ነው፤ ከብሮውዘሮቹም ክሮም በ109ኛው እትሙ ተሰናብቶታል፣ ፋየርፎክስ ከ115ኛው አላለፈለትም። ለባንክ ነገር አንጠቀምብዎትም፣ አይስጉ። አባባ ግን ሌላ አልገዛም ብለዋል።

ሞኒተሩ ጠርዝ ላይም ወረቀት ለጥፈዋል፦ «ቀኑ የፈረንጅ ነው። እንዳትነኩ።» ሰዓቱን ግን ማንም ሳያያቸው በሐበሻ መልሰውታል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው ልዩነቱ፣ እርስዎም እስካሁን አልነቁባቸውም።