3 ነጥብ ነው የጎደለኝ

ለድኅረ ምረቃ ለማመልከት የሚወሰደውን ጂአርኢ የሚባል ፈተና ከተፈተንኩ ዛሬ 20ኛ ቀኔ ነው። እንደ እስረኛ እየቆጠርኩ ነው። ነገ 21 ይሞላል፣ ከዚያ መድገም እችላለሁ። ደንቡ ነዋ፤ አንዴ ከተፈተንክ 21 ቀን ሳትቆይ ዝር አትልም፣ በ12 ወር ውስጥ ደግሞ ከ5 ጊዜ በላይ አይፈቀድልህም። ይቺን "5 ጊዜ" የምትል ነገር ሳያት ሆዴ ይባባል። የሆነ ሰው ለ6ኛ ጊዜ ሊመዘገብ ሲመጣ አይተው ነው እንጂ ዝም ብሎ ማን እንዲህ ያለ ደንብ ይጽፋል? ያንን ሰው ባገኘው አቅፌው ነበር።

ውጤቴ መጥፎ አይደለም። ችግሩም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ምን ሐሳብ አለው፣ ትደግማለህ። አሪፍ ቢሆን ትገላገላለህ። የእኔ "አይ፣ ደህና ነው" የሚባል ዓይነት ነው። ቨርባል፣ ማለትም የቋንቋው ክፍል፣ 158፤ ኳንት፣ ማለትም የሒሳቡ፣ 162። ሁለቱም የሚለኩት ከ130 እስከ 170 ነው። ለኳንት ያሰብኩት 165 ነበር። 165ን ማን እንደነገረኝ ግን አትጠይቁኝ። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው "ከ165 በታች ይዘህ አትድከም" ብሎ ጽፎ አነበብኩ፣ ስሙንም ሥራውንም ሳልጠይቅ ሕይወቴን እሱ ላይ መሠረትኩ።

ፈተናው ራሱ አጭር ነው። ድሮ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋ የነበረውን በፈረንጆቹ 2023 ቆርጠውት አሁን 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው። ለተፈታኙ ታስቦ ነው መሰለኝ። እኔን ግን ሰበብ አሳጣኝ። የድሮዎቹ "መጨረሻ ላይ ደከመኝ" ይላሉ፤ እኔ ከአንድ ፊልም ባጠረ ፈተና ምን ልበል?

ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የመጀመሪያውን የኳንት ክፍል እንዴት እንደሠራህ አይቶ ነው ሁለተኛውን የሚያከብድብህ ወይም የሚያቀልልህ። ጎበዝ ከሆንክ ይከብድሃል። ይሄን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ ገና ሳየው ገባኝ። በዕድሜዬ ጥያቄ ገብቶኝ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ቀጣዩም ቀለለኝ። አለቀልኝ፣ መንገደኛ ሁሉ የሚሠራውን ነው የሰጡኝ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ የሚለው ነገር አልገባ ሲለኝ ነው ልቤ መለስ ያለችው። ተመስገን፣ ከባዱ ደርሶኛል ብዬ በደስታ ሳትኩት።

ስትጨርስ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይመጣል፦ ውጤትህ ይመዝገብ ወይስ ይሰረዝ? ልብ በሉ፣ ውጤቱን ገና አላሳየህም። ሳታየው ትፈልገዋለህ ወይ ነው የሚልህ። እጄን ማውዙ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ድርሰቷን እየጻፈች ኪቦርዱን ትደበድበዋለች፣ እኔ አንዲት ቁልፍ መጫን አቅቶኛል። በመጨረሻ "ይመዝገብ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ወስኜ አላውቅም።

ከዚያማ አማካሪ ሞላ። ለመድገም ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፣ በተለይ ፈተናውን አይቶት የማያውቅ። ቁጭ ብሎ "ምናለበት፣ ድገመዋ!" ይልሃል፣ ሻወር ውሰድ እንደሚል ሰው። ሌላው የድሮ ተፈታኝ ነው። "እኔ 720 ነው ያመጣሁት" ብሎ ዝም ይላል። በፈረንጆቹ ከ2011 በፊት እያንዳንዱ ክፍል የሚለካው ከ200 እስከ 800 ነበር፣ እሱ ግን ይሄን አይነግርህም። አንተ 162ህን ይዘህ ከ720 ጎን ትቆማለህ። አራት ጊዜ የተፈተነም ጓደኛ አለኝ። እሱ በመጨረሻ ትምህርቱን ትቶ ፈተናውን ሙያ አድርጎታል። "ዋናው ስትራቴጂ ነው" ይላል። ስትራቴጂው ምንድነው ስትለው ደግሞ "እሱን ነው እንግዲህ ማግኘት ያለብህ"።

ታላቅ እህቴ ግን አጭር ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። "አለፍክ ወይስ ወደቅክ?"

"ማለፍ መውደቅ የለውም እኮ። ከ170፣ 162 ነው።"

"ታዲያ ስምንት ብቻ ነው የሳትከው! ከ170 ስምንት ስቶ ያለቅሳል እንዴ ሰው?"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ በቤተሰቡ ውስጥ ሊቅ ሆኜ እኖር ነበር። ምላሴ አላስቀመጠኝም። ከዜሮ አይጀምርም፣ ሁሉንም ብትስቺ እንኳ 130 ይሰጡሻል አልኳት። ትንሽ አሰበች።

"ሳታጠና 130 የሚሰጡህ ከሆነ ሦስት ወር ሙሉ በር ዘግተህ የለፋኸው ለ32 ነው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን "ሠላሳ ሁለት" እባላለሁ።

ጓደኛዬ (ባለ አራት ጊዜው አይደለም፣ ሌላኛው፣ ጤነኛው) በሦስተኛው ቀን ላይ "ለመሆኑ የምታመለክትበት ትምህርት ክፍል ስንት ነው የሚፈልገው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያናድደኛል። ሰው ሐሳብ ገብቶት እያየ ዝርዝር ውስጥ መግባት ምን ይሉታል? "አያለሁ" አልኩትና ሠንጠረዤን ቀጠልኩ።

ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። በግራ "ልድገመው"፣ በቀኝ "ልተወው"፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ከ1 እስከ 10 ክብደት። መጀመሪያ ሲደመር ልተወው አሸነፈ፣ 61 ለ54። ከፋኝ። ለ"የአእምሮ ሰላም" የሰጠሁት 9 በዝቷል ብዬ 1 አደረግኩት። ልድገመው አሸነፈ። እሱም ከፋኝ። ይሄን ስሠራ ስድስት ሰዓት ነጉዷል፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ተፈትኜ መውጣት እችል ነበር።

መረጃውማ ሞልቷል። የመረጃ ችግር የለብኝም። ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ብትደግምና ብታንስ እንኳ የትኛውን እንደምትልክ የምትመርጠው አንተ ነህ፣ ዝቅተኛውን ማንም አያየውም። ከአንተ በቀር። ማታ ማታ የሚያየኝ ደግሞ እኔው ነኝ። አንድ ሌሊት እንደውም አዘጋጆቹ ራሳቸው በአንድ ሰው ውጤት ላይ ወደ 2 ነጥብ ገደማ የመለኪያ ስህተት እንዳለ መጻፋቸውን አነበብኩ። ዘልዬ ተቀመጥኩ። ስለዚህ የእኔ 162 በውነቱ 164 ሊሆን ይችላል! ማንን ቀስቅሼ ልንገር ስል 160ም ሊሆን እንደሚችል ትዝ አለኝ። ተመልሼ ተኛሁ።

ቃላቱ ደግሞ አልለቅ ብለውኛል። ለቨርባል ብዬ ያጠናኋቸው ማለቴ ነው። "ሎኳሽየስ" ማለት ለፍላፊ፣ "ታሲተርን" ማለት ዝምተኛ፣ "ፑልክሪቱድ" ማለት፣ ድምፁን ሰምታችሁ በሽታ እንዳይመስላችሁ፣ ውበት። አንዳቸውም ፈተናው ላይ አልመጡም። አሁን ሰው ሲያወራኝ በውስጤ እመድበዋለሁ። እህቴ ሎኳሽየስ ናት።

እውነቱን ላውጣው መሰለኝ። ፈተናውን ባልደግም ነገ ጠዋት የምቀመጠው የዓላማ መግለጫ የሚባለውን ለመጻፍ ነው። ለምን ይሄን መስክ መረጥክ፣ ምን ልትመራመር አስበሃል፣ ለምን እኛ ጋር። ፋይሉን ከከፈትኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ያለበት "ከልጅነቴ ጀምሮ" የሚል ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ኳንት ላይ ቢያንስ ብዙውን ጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ መልስ ነው፣ ብትስትም ነጥብ አይቀነስብህም፣ መገመት ትችላለህ። "ለምን ትማራለህ?" ለሚለው ምርጫ የለውም። እና ሰው እንደዚህ ሲጠይቀኝ "ቆይ፣ መጀመሪያ ፈተናውን ልድገመው እንዴ እያሰብኩ ነው" እላለሁ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ትጉህ ልጅ ይሉኛል።

ዛሬ ማታ ግን ሠንጠረዡም አለቀ፣ ምክንያትም አለቀ። ቢያንስ መግለጫው ስንት ገጽ መሆን እንዳለበት ልይ ብዬ የትምህርት ክፍሉን ገጽ ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን አልክድም። ሁለት ገጽ ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ የጂአርኢ ውጤት ማቅረብ ግዴታ አይደለም፣ አመልካቹ ከፈለገ ማያያዝ ይችላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለጤነኛው ጓደኛዬ ደወልኩ። ብዙ ሳቀ። መሳቅ መብቱ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ጠይቆኛል።

"በቃ ተገላገልክ! መግለጫህን ጻፋ" አለኝ።

"እሱማ ልክ ነህ" አልኩት። "ግን ውጤቱን ላያይዘው ወይስ ይቅር?"

ዝም አለ።

"162 እኮ መጥፎ አይደለም። ካላያያዝኩት ደግሞ ደብቆ ነው ይሉኛል። ካያያዝኩት…"

"ዘጋሁት" አለና ዘጋው። ታሲተርን ነው። እኔም አዲስ ሠንጠረዥ ከፈትኩ፤ በግራ "ላያይዘው"፣ በቀኝ "ይቅር"።