የሬሪክ ሥዕልና የቲቤቱ ብርድ

ሩሲያዊው ሠዓሊና መንገደኛ ኒኮላይ ሬሪክ የሰላም ሰው ተብሎ ሊወደስ ይገባል ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊዋ፦ አዎ፣ ይገባዋል። መጀመሪያ ሥዕሎቹን እዩ። ሸለቆው ጨልሟል፤ ብርሃን የቀረው የሂማላያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። የሚሥለው ቴምፔራ በሚባል የቀለም ዓይነት ስለሆነ ሸራው አያብለጨልጭም፤ ሰማያዊው ዓይን ውስጥ ጥልቅ ይላል። ሰውየው ግን በሥዕል አልተወሰነም። ጦርነት ሰውን ብቻ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍትንም እንደሚበላ ገብቶታል። ቀይ መስቀል ለቁስለኛ እንደሆነው ሁሉ ቅርስም ምልክት ይኑረው አለ። ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ ክብ፣ ውስጡ ሦስት ቀይ ነጥቦች። ኤፕሪል 15 ቀን 1935 ዋይት ሐውስ ውስጥ ዩናይትድ ስቴትስን ጨምሮ 21 የአሜሪካ አህጉር አገሮች ይህን የቅርስ ጥበቃ ውል ፈረሙ። እዚህ ድረስ የሄደ ሠዓሊ ማን አለ?

ተቃዋሚው፦ እህቴ፣ በባንዲራው አልከራከርሽም። እኔን የሚያንገበግበኝ የ1927ቱ ጉዞ ነው። ሬሪክና ባለቤቱ ሄለና «ማሃትማዎች» የሚባሉ ስውር መምህራን ይመሩናል ብለው ያምኑ ነበር። በ1926 የእነሱ ነው ያለውን ደብዳቤ ይዞ ሞስኮ ገባ። ደብዳቤው ሶቪየቶችን ያወድሳል። ከዚያ ዞሮ ወደ ቲቤት ዋና ከተማ ወደ ላሳ ልለፍ አለ። ሕንድን የያዙት እንግሊዞች እንዴት አይጠረጥሩት? ጉዞው ቲቤት አምባ ላይ ታገደ። ለዚያ ብርድ ባልተሠራ ድንኳን ውስጥ አምስት ወር ገደማ ተቀመጡ። ኮኛክ ሳይቀር እንደረጋ ራሱ ጽፏል። አምስት ሰዎች ሞቱ። ወደ 90 የሚጠጉ የጭነት ከብቶችም አለቁ።

ደጋፊዋ፦ ሞታቸው ያሳዝነኛል፣ አላቃልለውም። ግን ወደፊትም ወደኋላም አትሂዱ ብሎ በረዶ ላይ ያስቀመጣቸው ማን ነው? እሱ አይደለም። ደግሞ የ1954ቱን የሄግ የቅርስ ጥበቃ ስምምነት መግቢያ አንብብ። የ1935ቱን ውል ከነቀኑ ይጠቅሰዋል። ወንድሜ፣ ይሄ ከባዶ ሕልም አይወጣም።

ተቃዋሚው፦ እሺ፣ አይወጣም። ግን ያው ችግር ተደገመ። በ1934 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ድርቅ የሚችል ሣር ፈልግ ብሎ ወደ ማንቹሪያና ሞንጎሊያ ላከው። አብረውት ከተመደቡት የዕፅዋት ባለሙያዎች ጋር ተጣላ። ተከታዩ የነበረው የግብርና ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስም በ1935 ፊቱን አዞረበት። ሰው ያስከትላል፣ መንገዱን ግን ለብቻው ነው የሚያውቀው። እሱ በ1947 ናጋር በምትባል የሕንድ መንደር፣ ከተራሮቹ ፊት ለፊት አረፈ። እዚያ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። የአምስቱን ሟቾች ስም ግን ከሥዕሎቹ አጠገብ አንብቤ አላውቅም። እነሱም ይጻፉ፣ ያን ጊዜ ውዳሴሽ ላይ እኔም እፈርማለሁ።