የራስን ሴል በግማሽ ሚሊዮን ዶላር

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሊፊሉሴል የተባለ ሕክምና አጸደቀ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ለተሰራጨባቸውና ሌላው መድኃኒት እምቢ ላላቸው ሰዎች ነው። ሲጸድቅ የወጣለት ዋጋ 515,000 ዶላር ነበር። ቀዶ ሕክምናውና የአልጋው ሒሳብ ለብቻ።

እኔን የከነከነኝ መድኃኒቱ ከምን እንደተሠራ ነው። ከታካሚው ከራሱ ነጭ የደም ሴል!

ዕጢ ውስጥ ያለው የካንሰር ሴል ብቻ አይደለም። ሊዋጉት የገቡ፣ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችም አሉ። ግን ጥቂት ናቸው፤ ዕጢው ደግሞ ያዳክማቸዋል። እነሱን አውጥቶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አብዝቶ ለባለቤቱ መመለስ ይቻላል ብለው ከተነሡት ቀዳሚው አሜሪካዊው ሐኪም ስቲቨን ሮዘንበርግ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት ከ20 የሜላኖማ ታካሚዎች የ11ዱ ዕጢ ቀንሷል። ጥናቱ የተሠራው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ነው። በመንግሥት ገንዘብ ማለት ነው፤ ይህቺን ያዙልኝ።

አሠራሩ ከሚታሰበው በላይ የእጅ ሥራ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣው ዕጢ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር እየሆነ በምላጭ ይከተፋል። 24 ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንዳንድ ቁራጭ ይገባል። ቲ ሴሎችን የሚያበዛው ኢንተርሉኪን-2 የተባለ ፕሮቲን የተጨመረበት ቀይ ፈሳሽ ይፈስበትና ሙቀቱን 37 ዲግሪ ላይ በሚጠብቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣል። ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ድቡልቡል ትንንሽ ሴሎች ከቁራጩ ወጥተው ዙሪያውን ሞልተውታል። ሲበዙ ፈሳሹን አሲዳማ ስለሚያደርጉት ቀዩ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ባለሙያዋ ቢጫውን ስታይ ፈሳሹን ትቀይራለች፣ ሴሎቹንም ትከፋፍላለች። አንዳንዱ ጉድጓድ ግን ምንም አያበቅልም። ቀጥሎ፣ የበቀሉት ሴሎች በጨረር እንዳይባዙ ከተደረጉ የሌላ ሰው የደም ሴሎችና ከአንድ ቀስቃሽ አንቲቦዲ ጋር ሁለት ሳምንት ያህል ይቆዩና በቢሊዮን ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ የመድኃኒት ኩባንያ የተለመደ ስሌት አይሠራም። የአንዱ ሰው ሴል ለሌላው አይሆንም። በልክ እንደሚሰፋ ልብስ ነው፤ በብዛት ስለተመረተ የሚረክስበት መንገድ ጠባብ ነው። ታዲያ ሥራው እንዲህ ከሆነ፣ ታካሚው የተኛበት ሆስፒታል ራሱ ለምን አይሠራውም?

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም፤ ተሠርቶ ታይቷል። በ2022 መጨረሻ ውጤቱ የወጣው የኔዘርላንድስና የዴንማርክ ጥናት 168 የሜላኖማ ታካሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃውን ኢፒሊሙማብ የተባለ መድኃኒት ወሰዱ፣ ግማሾቹ ከዕጢያቸው የበቀለውን ሴል። ዕጢ የቀነሰላቸው በሴል ከታከሙት 49 በመቶ፣ በኢፒሊሙማብ 21 በመቶ ናቸው። ሴሉን ያበዙት አምስተርዳምና ኮፐንሃገን አጠገብ ያሉ የምርምር ማዕከላት እንጂ ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ አይደለም። የአውሮፓ ሕግም ለአንድ ታካሚ ብቻ የሚዘጋጅ እንዲህ ያለ ሕክምና፣ ሐኪሙ ሲያዝና አገሩ ሲፈቅድ፣ በሆስፒታል እንዲሠራ በር ከፍቷል።

ሕክምናው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ሴሉ ከመሰጠቱ በፊት ጠንከር ያለ ኬሞቴራፒ አለ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኢንተርሉኪን-2። በዚያው ጥናት ሴሉን የወሰዱት በሙሉ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ገጥሟቸዋል። ላቦራቶሪውም ቢሆን ንጹሕ ክፍል፣ የሠለጠነ ሰውና ጥብቅ ቁጥጥር ይፈልጋል። ባክቴሪያ ከገባ የሳምንታት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ያ ታካሚ ደግሞ ጊዜ የለውም። ኩባንያዎች ጥራቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ለብዙ ሆስፒታል በማድረስ በኩል እንደሚሻሉ አልክድም።

ምርምሩ ግን ገና አላለቀም። ሴሎቹ ሳህን ላይ ብዙ ሲቆዩ በቁጥር ይበዛሉ፣ በጉልበት ይደክማሉ። ቶሎ አውጥቶ ወጣት እንደሆኑ መስጠት ይሻላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህን መሞከር የሚችለው አሠራሩን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ፈቃድ ያገኘ የፋብሪካ አሠራር አንዷን እርምጃ ለመቀየር እንኳ ከተቆጣጣሪው ጋር ብዙ መመላለስ አለበት።

በመንግሥት ገንዘብ የተጀመረው ይህ ሕክምና፣ በኩባንያው የመነሻ ዋጋ ለአሥር ታካሚ 5,150,000 ዶላር ይመጣል። የጤና መድን ከፋዮች ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት፣ በዚህ ገንዘብ የቅርባቸው የካንሰር ሆስፒታል ስንት ንጹሕ ክፍልና ስንት ባለሙያ ሊያቆም እንደሚችል ይጠይቁት።