ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ባለፈው ሴፕቴምበር ነው። ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ፣ በልጄ ሃይስኩል ሜዳ፣ የሴቶች እግር ኳስ እናያለን። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል፤ የእኛዎቹ አንድ ለዜሮ ይመራሉ። ከወደ ምዕራብ ሰማዩ ጠቁሮ አንዴ ጉርምርም አለ። እኔ አውሮፕላን መስሎኝ ነበር። ከሜዳው ጥግ የቆመችው ሴትዮ ግን ሬዲዮዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሁለት ቃል ተናገረች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሜዳው ባዶ ሆነ።

ከአጠገቤ የነበረ አባት ተናደደ። ጠብ ያለ ዝናብ የለ፣ እየመራን ምን ማስወጣት ነው አለ። ሴትዮዋ ዞር ብላም አላየችው። ሕጉ ግልጽ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ወይም መብረቅ ከታየ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በመሃል እንደገና ካጉረመረመ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የዚያን ዕለት ሦስቴ ጀመረ፤ ጨዋታውም ቀረ። እኛ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ጂሙ በር ላይ ቆማ ነበር። የእንግዳው ቡድን አውቶቡስ ዘግይቶ ኖሮ ልጆቹን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ወገቧ ላይ ያንጠለጠለችው የቁልፍ ብዛት የግምጃ ቤት ኃላፊ ያስመስላታል።

ይህች ሴት የትምህርት ቤቱ አትሌቲክ ዳይሬክተር፣ ማለትም የስፖርት ኃላፊ ናት። ልጄ "እኔም ትልቅ ስሆን ይህን ሥራ ነው የምፈልገው" ካለች ወዲህ ነው ትኩር ብዬ ማየት የጀመርኩት። ነገሩን ቡና ላይ ለአንዲት ጓደኛዬ ብነግራት ሲኒዋን አስቀመጠችና "አንቺ ደግሞ! ኳስ እንድታስጫውት ነው አሜሪካ ድረስ ያመጣሻት? ነርሲንግ ትግባ" አለችኝ። አልፈርድባትም። አገር ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት መምህሩ ኳሷን ወርውሮ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ሰዓት ነበር። ሴቶቹማ ዳር ቆመን እናወራለን።

እዚህ ግን ሥራው ሌላ ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የሐኪም ምርመራ ወረቀት ማምጣቱን ማረጋገጥ አለ። የማን ውጤት ወርዷል፣ ማን ከየት ተዛውሮ መጣ የሚለውን መፈተሽ አለ። አውቶቡስ መቅጠር፣ አሰልጣኝ መቅጠር፣ አንዳንዴም ማባረር አለ። ዳኛ መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ከ2018 በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት ብቻ በአሜሪካ 50 ሺህ ያህል የሃይስኩል ዳኞች ሥራውን ትተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከምክንያቶቹ አንዱ የወላጅ ስድብ ነው። እንደዚያ አባት ዓይነቱ ማለቴ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ሁለቴ ጮኼአለሁ።

ታዲያ በዚህ ወንበር ላይ ሴት ማየት ለምን እስካሁን ብርቅ ሆነ? በየከተማው ለጨዋታ ስንዞር ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ኃላፊዎች ወንዶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ማንም በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ያዛል። ዋናው አንቀጽ 37 ቃል ብቻ ነው፤ ስፖርት የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ያመጣው ለውጥ ግን ጉድ ያሰኛል። ሕጉ በወጣበት የትምህርት ዘመን በመላ አገሪቱ ለሃይስኩላቸው የሚጫወቱ ሴቶች 294,015 ነበሩ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሰው የማያወራው ሌላኛው ወገን ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በኮሌጅ የሴቶችን ቡድን ከሚያሠለጥኑት ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። አሁን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ምን ሆነ? ሥራው ደመወዝና ክብር ሲያገኝ ወንዶቹ መጡ። የወንዶችና የሴቶች ስፖርት ክፍል ሲቀላቀል፣ አለቃ የሚሆነው የወንዶቹ ክፍል አለቃ ሆነ። በሃይስኩልም ነገሩ ብዙ አይለይም። የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኙ ዕድሜው ሲገፋ የስፖርት ቢሮው እንደ ጡረታ ይሰጠዋል። ሜዳው ለሴት ልጅ ተከፈተ፤ ቁልፉ ግን እጅ ቀየረ።

ሥራው ሥራ ሳይባል በፊት የያዙት ሴቶች ምን እንደሠሩ ማየት ለሚፈልግ ቺካጎ አለች። ዶሮቲ ጌተርስ ከተማዋ ምዕራብ ክፍል ባለው ማርሻል ሃይስኩል የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንን አሰልጣኝ ሆና የተረከበችው ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ2021 ስትለቅ 1,153 ጨዋታ አሸንፋ፣ 10 የስቴት ዋንጫ ወስዳ ነበር። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ካፒ ፖንዴክስተር ከዚያው ትምህርት ቤት ነው የወጣችው። አንዲት ሴት አንድ ቦታ ላይ አርባ ምናምን ዓመት ስትቆይ እንዲህ ይሆናል።

ወደ ላይ የወጣችም አለች። የአሜሪካ ሃይስኩሎችን ስፖርት የሚያስተባብረው ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ1920 የተቋቋመ ነው። ከ19 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችን ያቅፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ሥራ አስኪያጅ ያየው በ2018 ነው፤ ካሪሳ ኒሆፍ ትባላለች። መምህር ነበረች፣ አሰልጣኝ፣ የስፖርት ኃላፊ፣ ርዕሰ መምህር። ከዚያ የኮኔክቲከትን የትምህርት ቤቶች ማኅበር መራች። ዝና አይደለም ያወጣት፤ ያንን የአውቶቡስና የዳኛ ጣጣ ከሥር ጀምራ ስለምታውቀው ነው።

በዚያው በ2018 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ሲለቅ ቦታውን ደራርቱ ቱሉ ተረከበች። ያኔ ሁላችንም ደስ አለን። ደራርቱ ደራርቱ ናት፤ የባርሴሎናውን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ያየ ሰው ምን ይላል? ግን የሁለቱ ሴቶች፣ የካሪሳና የደራርቱ፣ መንገድ ልዩነት ከነከነኝ። እኛ ሴትን ለስፖርት ወንበር የምናጨው የወርቅ ሜዳሊያ ካጠለቀች በኋላ ነው። ሜዳሊያ የሌላት፣ ነገር ግን ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት ውድድር ያደራጀች ሴት ብትመጣ ማን ብለን እንጠራታለን? የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእጃቸው አልፈዋል። የኛ ወርቅ መነሻው የትምህርት ቤት ሜዳ ሆኖ ሳለ፣ ሜዳውን የሚመራውን ሥራ እንደ ሙያ አንቆጥረውም።

ዲሲ አካባቢ ያለነው ሐበሾችማ ስፖርት ትዝ የሚለን ስኮላርሺፕ ሲነሳ ነው። ልጃችን ካልሮጠች ሜዳው ድርሽ አንልም። ወላጆች በፈቃደኝነት ትኬት የሚቆርጡበት፣ ውሃ የሚያድሉበት ጠረጴዛ ላይ የኛ ሰው ሲቀመጥ አላየሁም። እኔም ብሆን ዘንድሮ ነው የተቀመጥኩት። ልጅ ደግሞ እናቷ የናቀችውን ሥራ ሙያዬ ብላ ለመያዝ ትቸገራለች። ጓደኛዬ ነርሲንግ ያለችው ደመወዙን አስባ ነው። ዳይሬክተርነቱም በብዙ ቦታ የመምህርነት ፈቃድ፣ አንዳንዴም ማስተርስ የሚጠየቅበት፣ ጡረታና ኢንሹራንስ ያለው ቋሚ ሥራ መሆኑን ስነግራት "እሱን መጀመሪያ አትነግሪኝም!" አለች።

ዳይሬክተሯ የልጄን ፍላጎት ሰምታ ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ታሠራት ጀምራለች። የመጀመሪያው ቀን ሥራዋ የማዕዘን ባንዲራዎቹን መትከልና ለዳኞቹ ውሃ ማቅረብ ነበር። ማታ ልብስ ላጥብ ኪሷን ስፈትሽ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ወጣ። መመለሱን ረስታዋለች። ብነግራት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ፣ ቁልፉን በጡጫዋ ጨብጣ ከቤት ወጣች።